ከአንድ ድግምት ሦስት ጨረር ሲወጣ የጥቃት ዳይስ እንዴት ይጣላል

በባሕር ዳር በየሳምንቱ በምንቀመጥበት የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) ገበታ ላይ ከሌላው ድግምት ሁሉ ይልቅ ጨዋታውን የሚያቆምብን ስኮርቺንግ ሬይ የተባለው የእሳት ጨረር ድግምት ነው። ተጫዋቹ ድግምቱን ከመጥራቱ፣ አንድ ዳይስ ይጣል ወይስ ሦስት፣ ዒላማው አሁን ይነገር ወይስ በኋላ የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ደግሞ ቡናው ይቀዘቅዛል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ይከተላል። የእትሙ መሠረታዊ የሕግ ሰነድ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ስለ ተለቀቀ ማንም አውርዶ ሊያመሳክረው ይችላል።

የጥቃት ዳይስ ሲጣል ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ የወጣው ቁጥር ከአስማተኛው የጥቃት ጭማሪ ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ከተጠቂው የመከላከያ ቁጥር ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ ይመታል። ዳይሱ ራሱ 20 ካወጣ ያለ ምንም ስሌት መትቶ የጉዳቱ ዳይስ በእጥፍ ይጣላል፤ 1 ካወጣ ደግሞ ጭማሪው የቱንም ያህል ቢሆን ይስታል። በምሳሌዬ ውስጥ ያለው አስማተኛ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰና ጭማሪው 5 የሆነ ነው። እኛ ይህን ገጸ ባሕርይ ደብተራ እንለዋለን፤ የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ ቤት የሚያውቁ ሰዎች ቢሰሙን ይታዘቡን ይሆናል፣ ስሙ ግን ከተለመደ ቆይቷል።

ስኮርቺንግ ሬይ በሁለተኛ የድግምት ደረጃ (ይህ ከአስማተኛው ደረጃ የተለየ ነው) ሲወረወር ሦስት ጨረር ያወጣል፤ እያንዳንዱ ጨረር ሲመታ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያህል የእሳት ጉዳት ያደርሳል። ከፍ ባለ ደረጃ ሲወረወር በየደረጃው አንድ ጨረር ይጨመራል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ጨረር ራሱን የቻለ ጥቃት መሆኑ ነው፤ ሦስት ጨረር ካለ የጥቃት ዳይስ ሦስት ጊዜ ይጣላል። ሥርዓቱም ተራ በተራ ነው፦ ዒላማ ይነገራል፣ ዳይስ ይጣላል፣ ከመታ ጉዳቱ ይቆጠራል፣ የሞተው ሞቶ የተረፈው ተርፎ ሁኔታው ከታየ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ጨረር ይታለፋል።

እኔ ጨዋታ መምራት በጀመርኩበት ሰሞን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሦስቱንም ጨረር በአንድ ዳይስ አስጥዬ ነበር። ዳይሱ 2 አወጣ፤ ወዳጄ ለዕለቱ ከቀሩት ሁለት ትላልቅ ድግምቶች አንዱ ባዶውን ቀረ፤ እሱም ምንም ሳይናገር ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። (ዳይስ የምንጥለው በሰፌድ ላይ ነው፤ ጠርዙ ስለሚያግደው አልጋ ሥር ገብቶ በባትሪ አይፈለግም።) በዚያ ምሽት የበደልኩት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቼ ሳሰላው ነው። ጭማሪው 5 የሆነ ደብተራ የመከላከያ ቁጥሩ 11 የሆነውን ጅብ ለመምታት ከዳይሱ 6 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም 75 በመቶ ዕድል ነው። ሁሉም በአንድ ዳይስ ከተጣለ ድግምቱ እንዳለ የሚባክነው ከአራት ጊዜ አንዴ ነው፤ ሦስቱ ለየብቻ ከተጣሉ ግን ሁሉም የሚስቱት ከ64 ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። በረጅሙ ሲታይ የጉዳቱ አማካይ አይለወጥም። የሚለወጠው መዋዠቁ ነው፤ ተጫዋቹ ይህን ድግምት የሚመርጠውም ዋዠቅ እንዳይልበት ነው።

ተራ በተራ መጣሉ ከዕድል ሌላ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ እሱ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ደብተራው በጢስ ዓባይ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ አፍ ላይ ቆሟል እንበል። አንድ ጅብ ደርሶበት አጠገቡ አለ፤ ሁለተኛው ድልድዩን ተሻግሮ ከማዶ፣ ወደ 25 ሜትር ርቀት ላይ ነው። የድግምቱ ርቀት 120 ጫማ፣ ማለትም 36 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ሁለቱም ይደረስባቸዋል። ጅብ በሕጉ የመከላከያ ቁጥሩ 11፣ ነፍሱም (እስኪወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን) 5 ነው። ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከርቀት የሚወረወር ጥቃት ሁሉ ጉድለት አለበት፤ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ዝቅ ያለው ይያዛል። ይህ ጉድለት 75 የነበረውን ዕድል ወደ 56 በመቶ ያወርደዋል፤ ማዶ ያለውን ጅብ ለመምታት ሲሞከር እንኳ ይሠራል፤ የሚያውከው አጠገብ ያለው ነውና።

ደብተራው የመጀመሪያውን ጨረር አጠገቡ ባለው ጅብ ላይ ይለቅቃል። ሁለቱ ዳይሶች 13 እና 4 ያወጣሉ፤ 4 ይያዛል፣ 5 ሲደመርበት 9 ይሆናል፣ ሳተ። ሁለተኛውንም በዚያው ጅብ ላይ ይደግማል፤ 11 እና 17 ወጡ፣ 11 ተይዞ ድምሩ 16 ሆነ፣ መታ። የጉዳቱ ዳይሶች 3 እና 4 በማውጣታቸው 7 ጉዳት ደረሰ፤ 5 ነፍስ ያለው ጅብም ወደቀ። አሁን አጠገቡ ማንም የለምና ሦስተኛው ጨረር ያለ ጉድለት፣ በአንድ ዳይስ ይጣላል። ማዶ ያለውን ዒላማ አድርጎ 6 አወጣ፤ ድምሩ 11 ሆኖ ከመከላከያ ቁጥሩ ጋር እኩል ስለ ሆነ መታ። ጉዳቱ 1 እና 2 ብቻ በመሆኑ ግን ጅቡ በ2 ነፍስ ተረፈ። ዒላማው ሁሉ አስቀድሞ ይነገር ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ጨረር አንድም በሞተ ጅብ ላይ ይባክናል፣ አንድም በጉድለት ይጣላል።

በተቃራኒው፣ ተደብቆ የሚወረውር አስማተኛ ብልጫ (ሁለት ዳይስ ተጥሎ ከፍ ያለው ይያዛል) የሚያገኘው በመጀመሪያው ጨረር ብቻ ነው። ጥቃቱ ይምታም ይሳትም ያለበትን ቦታ ስለሚያሳብቅበት የቀሩት ጨረሮች በተራ ዳይስ ይጣላሉ። ተጫዋቾች ይህን ይረሱታል፤ አንዳንዶቹ መርሳት የሚፈልጉ ይመስለኛል።

ጊዜ ማሳጠር ለሚፈልግ ቀለማቸው የተለያየ ሦስት ዳይስ አንድ ላይ መጣል ይቻላል፤ በቅድሚያ አረንጓዴው ለመጀመሪያው፣ ቢጫው ለሁለተኛው፣ ቀዩ ለሦስተኛው ጨረር ነው ተብሎ ይነገራል። ይህን የምፈቅደው ሦስቱም በአንድ ትልቅ ጠላት ላይ ሲወረወሩ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 45 ነፍስ ባለው ግዙፍ ጅብ ላይ መሐል መንገድ ላይ ዒላማ የሚያስለውጥ ነገር እምብዛም አይኖርም። ኤልድሪች ብላስት የተባለው ድግምትም አሠራሩ ይኸው ነው፦ አስማተኛው በአምስተኛ ደረጃ ሲሆን ሁለት፣ በ11ኛ ሦስት፣ በ17ኛ አራት ጨረር ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም የጥቃት ዳይስ ይጣላል።

ማጂክ ሚሳይል የተባለው ድግምት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሦስት ፍላጻ ቢያወጣም የጥቃት ዳይስ የለውም፤ ሳይስት ይመታል፤ ሦስቱም የሚያርፉት በአንድ ቅጽበት ነው። በመሆኑም ስንቱ በማን ላይ እንደሚሄድ የጉዳት ዳይስ ከመጣሉ በፊት መነገር አለበት። የአንዱ ፍላጻ ጉዳት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ሲደመር 1 ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ተጠቂ የሚጎዳ ድግምት ጉዳቱ አንድ ጊዜ ተጥሎ ለሁሉም ይቆጠራል የሚል ደንብ ስላለ፣ አንድ ዳይስ ጥሎ ለሦስቱም መያዝ ሕጉን የተከተለ ነው፤ ብዙ ገበታዎች ግን ለየብቻ ይጥላሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ5 ነፍስ ጅብ ላይ ሁለት ፍላጻ ሲላክ፣ በአንድ ዳይስ የመግደሉ ዕድል 75 በመቶ፣ ለየብቻ ሲጣል ግን ከ16 ጊዜ 15 ነው። የትኛው እንደሚሠራበት ጨዋታው ሳይጀመር ይወሰን። ተጠቂው የጋሻ ድግምት ከጠራ ማጂክ ሚሳይል ጨርሶ አይጎዳውም፤ በስኮርቺንግ ሬይ ላይ ሲጠራ ግን የመከላከያ ቁጥሩን በ5 ከፍ ያደርግለታል እንጂ ጨረሩን አያስቀርለትም። ጋሻው እስከ ራሱ ተራ መጀመሪያ ስለሚቆይ በመጀመሪያው ጨረር ላይ የጠራው ለቀሩትም ያገለግለዋል።

የጨዋታው መሪ በጠላት እጅ ይህን ድግምት ሲይዝ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ቦታ አለ። ነፍሱ ዜሮ ሆኖ ራሱን ስቶ በወደቀ ተጫዋች ላይ የሚያርፍ እያንዳንዱ ጨረር አንድ የሞት ውድቀት ያስቆጥራል፤ 20 የወጣበት ደግሞ ሁለት፤ ሦስት የሞላበት ይሞታል። ራሱን የሳተ ሰው ለሚያጠቃው ብልጫ ይሰጣል፤ መሬት ላይ የተጋደመ ደግሞ ከርቀት ለሚያጠቃው ጉድለት ያመጣል፤ ሁለቱ ተጣፍተው ዳይሱ አንድ ብቻ ይሆናል። ሦስቱ ጨረሮች በአንድ ተራ ሰው ሊገድሉ ስለሚችሉ፣ እኔ ከሁለተኛው ጨረር በኋላ ዳይሱን በእጄ እንደያዝኩ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምላሽ (ከራሱ ተራ ውጭ የሚያደርገው ድርጊት) የቀረው ተጫዋች ካለ የሚናገረው በዚያች ቅጽበት ነው።