ወሎ ላይ የእርሻ ንግድ ለምትጀምሩ፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ይበዛል። ደዋዮቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ከዐረብ አገር ተመልሰው ላባቸውን ያፈሰሱበትን ገንዘብ የያዙ። «ጋሼ፣ ማሾ ሰብስቤ ለላኪ ላቀርብ ነው»፣ «ቆቦ ላይ ሽንኩርት ላለማ ነው» ይሉኛል። ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን እፈራላቸዋለሁም። ዝናቡንና ተምቹን ሁሉም ይጠነቀቃል። እኔ ሰው ሲከስር ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ በወረቀት፣ በዋጋና በክፍያ ነው።

መሬት ላይ ልጀምር። «መሬት ገዛሁ» የሚለኝ ሰው አሁንም አለ። አልገዛህም ወንድሜ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ከገበሬው የምታገኘው የመጠቀም መብት ነው፣ በኪራይ። ውሉን በጽሑፍ አድርገህ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው። ደግሞ ከአባወራው ጋር ብቻ አትፈራረም። የይዞታ ደብተሩን ገልጠህ እይ፣ የሚስቱም ስምና ፎቶ አለበት። እሷ ያልፈረመችበት ውል ሲፈርስ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስቱም ጊዜ ትክክሏ ሚስቲቱ ነበረች።

ማዳበሪያን ከሱቅ እንደሚገዛ ዕቃ አትቁጠሩት። የሚመጣው በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ነው። ፍላጎታችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ቁርጥ ዋጋ።

ጀማሪው ሐምሌ ላይ ለገበሬው ዘር ይሰጣል፣ የመስከረሙን ዋጋ በዚያው ቀን ይቆርጣል፣ ያስፈርማል፣ ተመልሶ ከተማ ይገባል። ምርት ሲደርስ ገበያው ከፍ ይላል፣ ገበሬው ለሌላ ሰብሳቢ ይሸጣል፣ ከዚያ «ገበሬ ውል አያከብርም» የሚል ወሬ በየካፌው ይወራል። ይህን ወሬ ስሰማ ያመኛል፣ ምክንያቱም እኔም ብዬዋለሁ። 2011 ላይ ቃሉ ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ ከ40 ገበሬዎች ጋር ማሾ ተዋዋልኩ። ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርስ ሰብል ነው፣ በዚህች አጭር ጊዜ ዋጋ ብዙ አይንቀሳቀስም ብዬ ነበር። ማሳው ሲታጨድ ገበያው ከእኔ ዋጋ በኩንታል 300 ብር በልጦ ጠበቀኝ። ከአርባው ያስረከቡኝ 11 ብቻ ነበሩ። ወረቀቴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ፣ ወረዳ ተመላለስኩ። ማታ ላይ አንድ ሽማግሌ ቤት ቡና እየጠጣን «ልጄ፣ ዋጋው ቢወርድ ኖሮ በተዋዋልንበት ትወስደው ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዋጋው ቢወርድ ኖሮ ጥራቱ ጎደለ ብዬ እንደምመልሰው ልቤ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ቁርጥ ዋጋ አልጽፍም። ገበያው ቢወድቅም የምከፍለውን መነሻ ዋጋ እጽፋለሁ። ገበያው ከዚያ ከበለጠ በማስረከቢያው ቀን ሐርቡ ላይ በሚውለው ዋጋ እገዛለሁ፣ ለጥራት ደግሞ ትንሽ እጨምራለሁ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህማ የላኪዎች ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲለዋወጥ እያየን ከወራት በፊት ዋጋ መቁረጥ ምን ይባላል? ገበሬው ስልክ አለው። የኮምቦልቻን ዋጋ ከእናንተ ቀድሞ ይሰማል።

ክፍያው በዚያው ቀን ይሁን። «ሰኞ እልካለሁ» አትበሉ። ምርት በሚሰበሰብበት ሰሞን የሚሸጥ ሰው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የልጆች ደብተርና ልብስ አለበት። ሚዛኑንም ፊቱ አስቀምጡት፣ ራሱ ያንብበው።

ምስክር ሲያስፈልግ የቅሬውን፣ ማለትም እንደ ዕድር ያለውን የመንደር ማኅበር፣ ዳኛ ጥሩ። ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል፤ በቅሬው ፊት የተባለን ነገር ግን ወሎ ላይ ማንም በቀላሉ አያጥፍም። ይህ ማለት የጽሑፍ ውል ይቅር ማለት አይደለም። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አለ፣ ብዙ ነጋዴ መውጣቱን እንኳ አያውቅም። አንብቡት። ሁለቱንም ያዙ።

ሌላው ወለድ ነው። እዚህ ብዙ ገበሬ ወለድ ሐራም ስለሆነበት የወለድ ብድር አይነካም። ዘር በዱቤ ሰጥታችሁ ሲዘገይ ጭማሪ ብትጠይቁት ሁለተኛ በራችሁን አይረግጥም። ዘሩን ስትሰጡት የገዛችሁበትን ንገሩት፣ ትርፋችሁን ንገሩት፣ ዋጋው እዚያው ይቁም። ለራሳችሁም ካስፈለጋችሁ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለሽንኩርት ሰዎች። ቆቦ ጊራና ሸለቆ ውሃውም መሬቱም መልካም ነው። ችግሩ ባለፈው ዓመት ዋጋ ሰማይ ነካ ሲባል ዘንድሮ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይተክላል፣ በአንድ ሰሞን ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ባለፈው ዓመት ዋጋ አትትከሉ። ማሳችሁን ከፋፍላችሁ በሁለት በሦስት ሳምንት ልዩነት ትከሉ። ገዢውንም ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ ሳለ ፈልጉት። ተነቅሎ ፀሐይ ላይ ከተከመረ በኋላ ደላላው ሲመጣ የመደራደር አቅም የላችሁም።

ማሾ ለማቆየት የምታስቡ ደግሞ ነቀዝን እወቁ። ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ አትክተቱት። ሲደርቅም አየር በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁም ደርድሩት።