የወር አበባሽ ሲዛባ ክብደትና እንቅልፍን ለ3 ወር እንዴት ትመዘግቢያለሽ?

ደብተርሽ ላይ አራት ዓምድ አስምሪ፦ ደም የጀመረበት ቀን፣ ስንት ቀን እንደፈሰሰ፣ ክብደት፣ የእንቅልፍ ሰዓት።

የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። ጳጉሜን አትዝለዪ! ነሐሴ 20 መጥቶ መስከረም 18 ከተደገመ ልዩነቱ 28 ሳይሆን 33 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች 34። ይህም አያስደነግጥም፤ የወር አበባ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ጤናማ ነው።

በወር አንዴ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ ያለ ጫማ፣ በአንድ ሚዛን ተመዘኚ። በየቀኑ መመዘን ጭንቀት እንጂ ሌላ አይጨምርም። ኪሎሽን በቁመትሽ በሜትር ሁለት ጊዜ ብታካፍዪ፣ 45 ኪሎና 1.58 ሜትር 18 ገደማ ይሰጣል። ለአዋቂ ይህ ቅጥነት ነው፤ ለ15 ዓመት ልጅ ግን ደህና ነው፤ ስለዚህ በአዋቂ ሠንጠረዥ አትዳኚ። ዋናው ለውጡ ነው። በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ ከቀነስሽ አንጎል የምግብ እጥረት እንዳለ ቆጥሮ ወደ ኦቫሪ (እንቁላል ወደሚመረትበት አካል) የሚሄደውን የሆርሞን ትእዛዝ ያዳክማል፤ የወር አበባው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ክብደት ሲበዛ ደግሞ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ከፍ ይልና ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን ሊያበዛ ይችላል። መዛባቱ ከብዙ ብጉርና ከአገጭ ጸጉር ጋር ከመጣ ሐኪም ይይሽ። ጫት ሁለቱንም ዓምድ ያበላሻል፦ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሳ ልጅ ማታ 3 ሰዓት አልጋዋ ላይ መሆን አለባት። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰውነት ካልበረደ እንቅልፍ አይመጣም። ከመተኛትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ ፍራሽ ግቢ ካወጣሽ አጎበር ይኑር። ቡናና ሻይ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይብቃ። ሻይ ከምግብ ጋር ከጠጣሽማ ከምስሩ የምታገኚውን ብረት ይቀንሳል፤ ደም ለሚበዛባት ልጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

እንቅልፍ በሚያጡ ልጆች ላይ የወር አበባ ሕመምና መዛባት በብዛት ይታያል። ሕመሙ ራሱም እንቅልፍ ይነሳል፤ የቱ እንደቀደመ ለመገመት ያመመሽንና እንቅልፍ ያጣሽባቸውን ቀኖች አስተያዪ።

መዝገቡ 3 ወር እስኪሞላ የማይጠበቅባቸው አሉ፦ 90 ቀን ያለ ደም መቆየት፣ ከ7 ቀን በላይ መፍሰስ፣ ሞዴስ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ መሙላት፣ 15 ዓመት ሞልቶ ጭራሽ አለመጀመር። ያኔ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ሂጂ። የእርግዝና ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል፤ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጪ።