የጥንት የእንጨት ቅርስ ከየትኛው ዛፍ እንደተሠራ በራጅ እንዴት ይለያል?

የአንድ እንጨት ማንነት የሚታወቀው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አደራደር ነው። በተለመደው አሠራር ከቅርሱ ላይ ስንጣሪ ተቆርጦ፣ በስሱ ተልጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሆኖም ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ የኖረን ቅርጽ መቁረጥ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ሊፈቀድም አይገባም። ሲቲ ስካን ግን ከየአቅጣጫው የተነሱ የራጅ ምስሎችን በኮምፒውተር አቀናጅቶ የእንጨቱን ውስጥ ያለ ምላጭ ያሳያል።

በቅድሚያ ምን መለየት እንደሚፈልጉ በግልጽ ይወስኑ። ጥድና ዝግባ ውሃ አስተላላፊ ሰፋፊ ቱቦዎች የሏቸውም፤ ወይራና ዋንዛ ግን አሏቸው፣ የዋንዛውም ከወይራው በጣም ይሰፋል። ይህን መለየት ቀላል ነው። ከባዱ የቅርብ ተመሳሳዮችን መለየት ነው። በጃፓን በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ግንድ የተቀረጹ በርካታ የቡድሃ ምስሎች የጥድ ዘመድ ከሆነው ከሂኖኪ እንደተሠሩ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ ግን ካያ ከተባለ ሌላ ዛፍ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ምስክሩ በካያ ሕዋሳት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጠመዘዙ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ በሂኖኪ ላይ አይገኙም።

ቀጥሎ የምስሉን ጥራት ያስሉ፤ አብዛኛው ሥራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነውና። የመሣሪያው መቀበያ 2,000 ነጥቦች ስፋት ቢኖረውና 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ በሙሉ ቢነሳ፣ እያንዳንዱ ነጥብ 100 ማይክሮ ሜትር (አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይሸፍናል። የጥድ ወገን ሕዋስ ስፋት በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ምስል ዓመታዊ ቀለበቶች እንጂ ሕዋሳት አይታዩም። በአንጻሩ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጣሪ ቢነሳ አንዱ ነጥብ 1 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከቅርሱ በራሱ ጊዜ ተላቅቆ የወደቀ ቁራጭ ካለ እንደ ትልቅ ሀብት ይያዝ፤ ራጁ ሳይጎዳው ስለሚያልፍ ለሌላ ምርመራም ይተርፋል። እንደ ካያ መስመሮች ላሉት ረቂቅ ምልክቶች ደግሞ በጃፓን እንዳለው ስፕሪንግ-8 ያለ የሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ፍጥነት በማዞር ራጅ የሚያመነጭ ግዙፍ መሣሪያ) ማዕከል ብርቱ ጨረር ይመረጣል።

ከቅርሱ ላይ የሚነሳውን ቦታ ሲመርጡ ከሚስማር፣ ከአንጓና ነቀዝ ከበላው ክፍል ይራቁ። እርሳስ ያለበት ነጭ ቀለምም እንደ ብረት ራጁን ስለሚያግድ ምስሉን በጭረት ያበላሻል፤ ያልተቀባው የታችኛው ወይም የኋላው ገጽ ይሻላል። እንጨት በአየር እርጥበት ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር፣ በምርመራው ወቅት እንዳይንቀሳቀስ በለስላሳ ስፖንጅ ደግፈው በፕላስቲክ ይሸፍኑት።

ምስሉ ከተቀናጀ በኋላ በኮምፒውተር ላይ በሦስት አቅጣጫ ይቆረጣል፦ ግንዱን አግድም፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ መስመር ቁልቁል፣ እንዲሁም ቀለበቶቹን ታክኮ ቁልቁል። ቅርጹ ዘመም ብሎ ከተቀመጠ አቆራረጡ ይዛባል፤ ስለዚህ ምስሉን አስቀድመው በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ያስተካክሉት። የመጀመሪያው ቆረጣ ቱቦዎችን፣ ሌሎቹ ሁለቱ የሕዋስ ግድግዳ ቀዳዳዎችንና ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጉትን የሕዋስ ረድፎች ቁመት ያሳያሉ።

በመጨረሻም ያዩትን ምልክት ማንነታቸው ከታወቁ የእንጨት ናሙናዎች ጋር ያነጻጽሩ። ዓለም አቀፉ የእንጨት አናቶሚስቶች ማኅበር በ1989 ለሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ያወጣው ዝርዝር 163 መለያዎች ስላሉት ለዚህ ሥራ ይመረጣል። መልሱ ማስረጃው ከሚፈቅደው አይለፍ፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ነጭ ኦክ ዝርያዎች በሕዋስ አደራደር ብቻ ስለማይለዩ «ነጭ ኦክ» ብሎ መመዝገብ ይበቃል። ከውጤቱ ጋር የተነሳበት ቦታ፣ የራጁ ኃይልና የነጥቡ ስፋት አብረው ይመዝገቡ።