ከውሻችሁ ጋር ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቅንጡ ሆቴል እንዴት ታርፋላችሁ?

የሆቴሉ ድረ ገጽ «ውሻ ይፈቀዳል» ስላለ ብቻ ክፍል አትያዙ። አንዱ ሆቴል ለውሻው መኝታና የውሃ ሳህን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሌላው ከዋናው በር እስከ ክፍላችሁ እንዲያልፍ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ውሻን ከልብ የሚወዱ ታሪካዊ ሆቴሎች አሉ። ቦስተን ከተማ የሚገኘው ፌርሞንት ኮፕሊ ፕላዛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 የተከፈተ ነው። ኬቲ ኮፕሊ የምትባል ጥቁር የላብራዶር ዝርያ ውሻ ለዓመታት ሎቢው ውስጥ እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። እንግዶችም ይዘዋት ለእግር ጉዞ ይወጡ ነበር።

ሕንፃው ያረጀ ሲሆን ግን የሠራተኛው ፍቅር ብቻውን አይበቃም። ወለሉ፣ ደረጃው፣ ሊፍቱና በረንዳው ሲሠሩ ውሻ አልታሰበም። ቅርስ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ እንዳሻው አይቀይራቸውም። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው የውሻውን መረጋጋት ነው። እሱ ከተረጋጋ እናንተም፣ ጎረቤታችሁም፣ ምንጣፉም ሰላም ታድራላችሁ።

1. መጀመሪያ ደውሉና ጠይቁ

የክብደት ገደብ አለ ወይ? ክፍያው በአዳር ነው ወይስ ለጠቅላላ ቆይታ? ዲፖዚቱ ይመለሳል? ውሻው ክፍል ውስጥ ብቻውን መቆየት ይችላል? ቁርስ ቤትና ባር ይገባል? ማታ የት ይሸናል? ከእነዚህ ሁሉ ብቻውን ስለ መቆየቱ የምትጠይቁት ይበልጣል። ካልተፈቀደ እራት የምትበሉት በየተራ ነው፤ ያንን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ለምኑ። ስልክ ያነሳው ሠራተኛ እናንተ ስትደርሱ ፈረቃ ላይ ላይሆን ይችላል።

የዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ጉዳይ ሌላ ነው። በብዙ አገሮች በሕግ የተለየ መብት አለው፤ እንደ ቤት እንስሳ አይታይም።

2. ክፍሉን በውሻው ጆሮና እግር ምረጡ

ሁሉም ሰው እይታው ያማረ ክፍል ይፈልጋል። ውሻ ላለው ሰው ግን ከእይታው ይልቅ ጸጥታው ይሻላል። ሰው የሚሰማው ድምፅ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ነው። ውሻ እስከ 45,000 አካባቢ ይሰማል። የሊፍት ሞተር፣ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ፣ ኮሪደር ላይ የሚጎተት ሻንጣ፣ ሁሉም እሱ ጋ ጎልቶ ይደርሳል። ከሊፍትና ከደረጃ የራቀ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለ ክፍል ጠይቁ።

ዝቅ ያለ ፎቅም ይመረጣል። የቆዩ ሊፍቶች ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የብረት ፍርግርግ በር አላቸው። ሌሊት ውሻው ሲቸኩል በእግር ቶሎ መውረድ ትፈልጋላችሁ። እንደ ዳክስሁንድ ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ውሻ ግን የአከርካሪ ችግር ስለሚያጠቃው ደረጃውን ተሸክማችሁ አውርዱት።

በረንዳ ካለ የፍርግርጉን ክፍተት ጠይቁ። ድሮ የተሠራ ፍርግርግ የዛሬውን የደህንነት ደንብ ላያሟላ ይችላል። ትንሽ ውሻ በመሃሉ ሊያልፍ ስለሚችል የበረንዳውን በር ዝጉት። በዚህ ጉዳይ ቸልተኛ አትሁኑ፤ ወለሉ አጠገብ የሚጀምር መስኮትም እንደዚያው ነው።

3. ከመነሳታችሁ በፊት

የክትባት ካርዱን ያዙ። ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ እዩ። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት ማይክሮቺፕ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያ ክትባት ከተሰጠ በኋላም ቢያንስ 21 ቀን ማለፍ አለበት። ጥፍሩን ቁረጡለት፤ ረጅም ጥፍር የእንጨት ወለል ይቧጭራል፣ ውሻውንም ያንሸራትተዋል። ቤት የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ ያዙ። የሚያረጋጋው የራሱ ሽታ ነው።

4. የመጀመሪያዋ ሰዓት

ሆቴል ከመግባታችሁ በፊት ሰፈሩን አዙሩት። ይሽና፣ ያሽትት፣ ይድከም። ሎቢ ውስጥ ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ያዙ። እብነ በረድ ያዳልጣል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽም ድምፅ ስለሚያስተጋባ አንዲት ጩኸት ብዙ ትመስላለች። ሊፍት ስትገቡ ውሻው ከእናንተ ጋር እኩል ይግባ። ማሰሪያው በር ውስጥ ከተያዘ ሊያንቀው ይችላል።

ክፍሉን ስትከፍቱ ወዲያው አትልቀቁት። ቀድማችሁ ጠረጴዛዎቹንና ትራሱን ፈትሹ። ቅንጡ ሆቴል ቸኮሌትና የፍራፍሬ ሳህን ማስቀመጥ ይወዳል። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ለውሻ መርዝ ነው። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ሚኒባሩ ላይ ያለው ስኳር አልባ ማስቲካም ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ካለበት በጣም አደገኛ ነው። ሁሉንም አንሱና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉ። ከዚያ በማሰሪያው እንደያዛችሁት ክፍሉን አዙሩት፤ ጨርቁን ከበር ራቅ ያለ ጥግ ላይ አንጥፉለት። የበሩ ሥር ክፍተት ካለው ፎጣ ጠቅልላችሁ ድፈኑት። የኮሪደሩ ኮቴ ይቀንስለታል።

5. ብቻውን ስትተዉት

ገና በደረሳችሁበት ቀን እራት ወጥታችሁ ባትተዉት እመርጣለሁ። ለእሱ ያ ክፍል እናንተ የጠፋችሁበት እንግዳ ቦታ ነው። መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ውጡና ኮሪደሩ ጫፍ ቆማችሁ አዳምጡ። ዝም ካለ ጊዜውን ጨምሩ። ከጮኸ ወይም በር ከቧጨረ አልተዘጋጀም ማለት ነው፤ በመቆጣት አይስተካከልም። ያን ቀን ምግባችሁ ክፍላችሁ ድረስ እንዲመጣ እዘዙ።

ስትወጡ ስልክ ቁጥራችሁን ሪሴፕሽን ተዉ፤ በሩ ላይ «አትረብሹ» የሚለውን ስቀሉ። ለጽዳት ሠራተኞች ውሻው የማይኖርበትን ሰዓት ንገሯቸው። የማያውቁት ውሻ ያለበትን ክፍል መክፈት ያስፈራል፤ ውሻውም ክፍሉን ሊከላከል ይችላል።

6. ወለል ላይ ከሸና

ቶሎ በፎጣ ተጭናችሁ አድርቁ፤ አትሹት። ቤት የለመዳችሁትን አቼቶ እብነ በረድ ላይ አታፍስሱ። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ ወዙን ያጠፋዋል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ሽንት ሽንት ስለሚል ውሻውን መልሶ ወደዚያው ይጠራዋል። ለውሻ ሽንት የሚሸጥ የኢንዛይም ማጽጃ ያዙ። አሮጌ ምንጣፍ ወይም ሰም የተቀባ እንጨት ላይ ከሆነ ግን ካደረቃችሁት በኋላ ለሆቴሉ ደውሉ። አይፈሩም፣ አይደነቁም፤ የትኛው ወለል በምን እንደሚጸዳ ያውቃሉ። መደበቅ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

7. ስትወጡ

ጸጉሩን ከሶፋው ላይ አንሱ። አልጋ ሥር እዩ፤ መጫወቻው እዚያ ይገኛል። የክፍሉን ፎቶ በስልክ አንሱና ዲፖዚቱ መመለሱን እዚያው ሪሴፕሽን ላይ አረጋግጡ።