አንዱን ሲነኩት ሌላው የሚወድቅ ኮድ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች አንድ የጋራ ችግር አለን። ኮዱን የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ይገባል፤ ኮዱ እዚህ ይቀራል። የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ ገና የተመረቀ ልጅ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው።

የኮድ ውስብስብነት መለኪያ የምጠቀመው የሰው ኮድ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የትኛውን ፋይል ቀድሜ ልክፈት የሚለውን ለመወሰን ነው።

ምልክት፦ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል

የአንድ እህል መጋዘን የሽያጭ ሶፍትዌር እጃችን ገብቶ ነበር። ማሾ አዲስ ተጨምሮበታል። ለነባር ደንበኛ ሲሸጥ ዋጋው ልክ ነው። ለአዲስ ገዢም ልክ ነው። ለማኅበር ሲሸጥ ግን ደረሰኙ ላይ 0 ብር ይወጣል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር በነካሁት ቁጥር ሌላ ቦታ ይፈነዳል» አለኝ። «አብሽር፣ ቁጭ በል። መጀመሪያ እንቁጠረው» አልኩት።

ምክንያቱን ለማግኘት የቆጠርነው ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ የሚባለውን ነው። ቶማስ ማኬብ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ነው። አቆጣጠሩ በእጅ ይሠራል፦ ፈንክሽኑ (አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ኢፍ («ከሆነ» ብሎ የሚፈትሽ)፣ እያንዳንዱን ኬዝ (ከምርጫዎች አንዱ) እና እያንዳንዱን ሉፕ (ድግግሞሽ) ቁጠሩ፤ መጨረሻ ላይ 1 ደምሩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ርዝመትን ከውስብስብነት ጋር ያምታታል። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መንገዱ ይጠማዘዛል እንጂ አያሳስትም። ዝም ብሎ መከተል ነው። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ወደ ባቲ የሚገነጠል አለ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥል አለ። እዚያ ላይ መወሰን ይመጣል። ማኬብ የሚቆጥረው መገንጠያውን እንጂ ጥምዝምዙን አይደለም። 200 መስመር ሆኖ አንድም ኢፍ፣ ኬዝ ወይም ሉፕ የሌለው ፈንክሽን ቁጥሩ 1 ነው።

የኛ ፈንክሽን እንዲህ ነበር። ገዢው ነባር ደንበኛ ከሆነ፣ አዲስ ከሆነ፣ ካልሆነ ደግሞ ማኅበር፤ ይህ 2 ውሳኔ ነው። በየአንዳንዱ ሥር ጤፍ ከሆነ፣ ማሽላ ከሆነ፣ ስንዴ ከሆነ እያለ ማሾን ጨምሮ 8 እህል ይፈትሻል። ሦስት ጊዜ 8፣ 24። ከ2ቱ ጋር 26፤ 1 ሲደመር 27። ማኬብ ራሱ ያስቀመጠው ገደብ 10 ነው። ሬዶን የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ከ21 እስከ 30 ላለው «ዲ» ይሰጣል። ማሾን የጨመረው ሰው ኢፉን ሦስቱም ቦታ ላይ ጽፏል፤ ዋጋውን ግን ሁለቱ ላይ ብቻ ሞልቶ ሦስተኛውን 0 እንደሆነ ረስቶታል። አልፈርድበትም። ያው አንድ ነገር ሦስት ቦታ ተበትኖ ማን ይይዘዋል?

ወደ መፍትሄው ስትሄዱ ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቴስት (ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ጻፉ። ቁጥሩ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፈንክሽኑ ውስጥ ስንት ራሱን የቻለ መንገድ እንዳለ ይነግራችኋል። የኛው 27 ነበር። 3 ዓይነት ገዢ በ8 እህል 24፣ የማይታወቅ እህል ሲመጣ ለየገዢው አንድ፣ 3። ልክ 27 ቴስት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብን፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ስጋት ነው የሠራነው።

ከዚያ ኢፎቹን በሰንጠረዥ ተካናቸው። አንዱ ሰንጠረዥ የእህልና የዋጋ፣ ሌላው የገዢና የቅናሽ። ፈንክሽኑ እህሉን ይፈልጋል፤ ከሌለ ስህተት ይመልሳል። ገዢውን ይፈልጋል፤ ከሌለ ስህተት ይመልሳል። ከዚያ ያሰላል። 2 ውሳኔ፣ ሲደመር 1፣ ቁጥሩ 3። አሁን አዲስ እህል ሲመጣ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ላይ።

ምልክት፦ መሣሪያው «ቀይ ነው» ይላል፤ ኮዱ ግን ይነበባል

የወር ስም የሚመልስ ፈንክሽን አስቡ። 1 ሲሉት መስከረም፣ 2 ሲሉት ጥቅምት እያለ እስከ 13ኛው ጳጉሜ፣ 13 ኬዝ። በማኬብ ቁጥሩ 14 ነው፤ ከገደቡ አለፈ። ግን የትኛው ተማሪ ነው ይህን ማንበብ የሚያቅተው? ማኬብም ይህን አይቶታል፤ ተራ በተራ የተደረደሩ ብዙ ኬዞች ሲሆኑ ገደቡ እንዲላላ ፈቅዷል። እንዲህ ያለውን ተዉት።

አደገኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ጭንቅላት የሚያዞር። ሦስት ኢፍ ተራ በተራ ቢደረደር ማኬብ 4 ይላል። ሦስት ኢፍ አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ቢገባም 4 ይላል። አንባቢው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ለዚህ የሚሆነው ሶናርሶርስ የሚባለው ኩባንያ ያወጣው ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ ነው፤ ኮዱ ለማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካል። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ቅጣቱ ይጨምራል፦ የመጀመሪያው ኢፍ 1፣ በውስጡ ያለው 2፣ ሦስተኛው 3፣ ድምር 6። የተደረደሩት ግን 3 ብቻ ናቸው። አስራ ሦስቱ ወራትም በዚህ አቆጣጠር ጠቅላላ 1 ነው የሚይዙት። የኩባንያው መሣሪያ ሶናርኩብ ለአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ገደቡን 15 ላይ ያደርገዋል።

መፍትሄው ቶሎ መመለስ ነው። «ደረሰኝ ካለ፣ ቀኑ ካላለፈ፣ ሂሳቡ ከሞላ» እያላችሁ ወደ ውስጥ ከመውረድ ገልብጡት፦

ደረሰኝ ከሌለ ተመለስ።
ቀኑ ካለፈ ተመለስ።
ሂሳቡ ካልሞላ ተመለስ።
ከዚያ ዋናውን ሥራ ሥራ።

ማኬብ ምንም ለውጥ አያይም። የሚያነበው ሰው ግን ያመሰግናችኋል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ወረደ፣ ኮዱ ግን ባሰበት

አንዳንዱ ከገደቡ በታች ለመሆን ብቻ ብሎ ፈንክሽኑን ይቆራርጠዋል። «አስላ አንድ»፣ «አስላ ሁለት»፣ «አስላ ሦስት»። ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንባቢው ግን በአምስት ፋይል መሀል ይንከራተታል። የቆረጣችሁትን ቁራጭ ኮዱን ሳታዩ የሚገባ ስም ልትሰጡት ካልቻላችሁ መልሱት። የቆረጣችሁት የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሁለት መሣሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ «እና»ና «ወይም» ናቸው። በአንድ ኢፍ ውስጥ ሲገቡ አንዱ መሣሪያ ይቆጥራቸዋል፣ ሌላው አይቆጥርም። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ።

ምልክት፦ ሜይንቴይነቢሊቲ ኢንዴክስ «ሁሉ ሰላም» ይላል፤ እናንተ ግን እየተሰቃያችሁ ነው

ኮዱ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች የሚለካው ይህ ኢንዴክስ በምልክቶቹና በስሞቹ የሚሰላውን የኮዱን መጠን፣ የማኬብን ቁጥርና የመስመሩን ብዛት ጨፍልቆ አንድ ውጤት ያወጣል፤ ከፍ ያለው ይሻላል። ኦማንና ሄግሜስተር ናቸው በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት። ቪዥዋል ስቱዲዮ ከ0 እስከ 100 አድርጎት ከ20 ጀምሮ ያለውን ሁሉ አረንጓዴ ይቀባዋል። 21ም አረንጓዴ፣ 95ም አረንጓዴ! በዚያ ላይ የፕሮጀክቱን አማካይ ስታዩ አርባ ጤነኛ ፋይል አንዱን በሽተኛ ይሸፍነዋል። አማካዩን ተዉት። ፋይሎቹን ከዝቅተኛው ጀምሮ ደርድራችሁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፈቱ። ካለፈው ወር ጋርም አወዳድሩ፤ 60 የነበረው ፋይል 45 ከሆነ አረንጓዴ ቢሆንም አንድ ነገር እየሆነ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ቀይ ነው፤ ከየት ይጀመራል?

ይህ ጥያቄ ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው። ልጁም ማሾውን ከጨረስን በኋላ የሙሉውን ፕሮጀክት ሪፖርት አውጥቶ ፊቱ ጠቆረ።

ውስብስብነት ብቻውን አይጎዳም። የሚጎዳው ሰው በየሳምንቱ ሲነካው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ እሱም የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት ውስጥ አለ። የአንድ ዓመቱን ሎግ አውጡና እያንዳንዱ ፋይል በስንት ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እንደተነካ ቁጠሩ። ከውስብስብነቱ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሁለቱም ከፍ ያሉበት ፋይል የመጀመሪያው ሥራችሁ ነው። ሊዛርድም (ሌላ የውስብስብነት መቁጠሪያ ነው) ሬዶንም ጊትም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

እኛ ጋ ሁለት ፋይል ጎልተው ወጡ። አንዱ የዱቤ መዝገብ ነበር፦ ትልቁ ፈንክሽን 19፣ በዓመቱ 41 ኮሚት። ሌላው ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚቀይረው፦ ቁጥሩ 22፣ ኮሚቱ 0። ልጁ 22ቱን አይቶ በቀን መቀየሪያው ሊጀምር ነበር። ጳጉሜ 6 የሚሆንበትንም ዓመት አስገብተን ሞከርነው፤ በትክክል ቀየረ። ዘጋነውና የዱቤውን ከፈትን።