«ብሬክ ዚ አይስ»ን ተምሮ መጠቀም

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ስልጠና ገብቶ «አይስ ብሬከር» ያልሰማ የቢሮ ሰው ጥቂት ነው። አሰልጣኙ ሁሉንም ያስነሳና «ስማችሁንና የምትወዱትን ምግብ ተናገሩ» ይላል። ትንሽ ይሳቃል፣ ሥራ ይጀመራል። ስሙ የመጣው «ብሬክ ዚ አይስ» (ቃል በቃል «በረዶውን ስበር») ከሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ያለውን መተፋፈር ሰብሮ ጨዋታ ማስጀመር ማለት ነው። ቤት የገባ እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ!» የምንለው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ምስሉን ያዙ። ጎጃም ውስጥ በረዶ ሲባል ከሰማይ ወርዶ ማሳ የሚመታው ነው የሚታየን። ፈሊጡ ግን ወንዝና ባሕር በብርድ ከሚጠጥርበት አገር የመጣ ነው። እዚያ ጀልባ እንዲያልፍ ከፊቱ ያለው በረዶ መሰበር አለበት። ይህን የሚሠሩ መርከቦችም ስማቸው ያው አይስ ብሬከር ነው።

ቀጥሎ አፋችሁን አስለምዱ። «አይስ» በአናባቢ ስለሚጀምር «ዘ» ሳይሆን «ዚ» ይባላል። ስላለፈ ነገር ስታወሩ «ብሬክ» ወደ «ብሮክ» ይቀየራል። «ብሬክድ» የሚባል ነገር የለም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል።

ከዚያ ቦታውን ለዩ። ፈሊጡ በዋናነት ለአዲስ ትውውቅ ነው፤ አዲስ ባልደረባ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የሙሽሮች ቤተሰቦች መጀመሪያ የተገናኙበት ማታ። በድንበር የተካሰሱ ጎረቤቶች የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌ ነው፣ እዚያ ይህን ፈሊጥ አታምጡት። «ከት ኖ አይስ» የሚባልም አለ። አይስ አለበት ብላችሁ አታምታቱት፤ እሱ «ፋይዳ የለውም፣ አያሳምንም» ማለት ነው።

አሁን ሞክሩት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ከውጭ አገር እንግዳ አጠገብ ተቀመጣችሁ እንበል። «አግብተሃል? ስንት ልጅ አለህ?» እኛ ዘንድ የወግ ነው። ለፈረንጅ ግን ገና ሳይተዋወቁ እንዲህ መጠየቅ ጭራሽ ሊያስጨንቀው ይችላል። እኔ ብሆን በቡና ነበር የምጀምረው። ዘጌ ቡናው በደን ውስጥ ነው የሚበቅለው፣ በልማዱም በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ይህን ነግራችሁ «ሃው ዱ ዩ ድሪንክ ዩር ኮፊ አት ሆም?» (አገርህ ቤት ቡና እንዴት ነው የምትጠጣው?) በሉት። መልሱ አጭር ከሆነ አትጫኑት፣ ሐይቁን ይይ። ካወራ ደግሞ ጆሮ ስጡት፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ራሱ ይሰጣችኋል።

ፈሊጡን እሱ ፊት መናገር አያስፈልግም። «አሁን አይሱን ልሰብር ነው» የተባለ ሰው ይብሱኑ ይሸማቀቃል። ማታ ለጓደኛችሁ ስታወሩ ነው የሚያምረው፦ «ዚ ኮፊ ኩዌስቸን ብሮክ ዚ አይስ» (የቡናው ጥያቄ በረዶውን ሰበረው)።