የቴሌግራም ሱቅ በደሴ፦ ደንበኛ የሚያምነው ቻናል እንዴት ይከፈታል?

የደሴ ገበያ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ሰነባብቷል። ጫማው፣ ልብሱ፣ ስልኩ፣ ያገለገለ ሶፋ ሳይቀር በቻናል ይሸጣል። ኮምቦልቻ ያለች ተማሪ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ከመድረሷ በፊት ስልኳን ከፍታ ታያለች። የትራንስፖርት ብር ከማውጣቷ በፊት ዕቃው መኖሩን፣ ልኳ መሆኑን፣ ዋጋው ከአቅሟ አለማለፉን ማወቅ ትፈልጋለች። መብቷም ነው።

ብዙዎቹ ቻናሎች ግን ይህን አይነግሯትም። ፎቶው ከሌላ ቻናል የተወሰደ ነው። ዋጋ የለውም። ከሥሩ «ለዋጋ ኢንቦክስ» ይላል። ሱቁ የት እንዳለ አይታወቅም። ልጅቷም ትዘጋውና ወደ ሌላ ትሄዳለች።

ቻናል መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ እምነት ማግኘት ነው። ስለዚህ አከፋፈቱን በአጭሩ ነግሬያችሁ፣ ፎቶ፣ ዋጋና ክፍያ ላይ ቆም እላለሁ።

አካውንታችሁን ቀድማችሁ ቆልፉ

ቻናሉ ንብረትነቱ የከፈተው አካውንት ነው። አካውንቱ ከተሰረቀ ቻናሉም ደንበኞቹም አብረው ይሄዳሉ። አንድም ፎቶ ከመልቀቃችሁ በፊት የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ንኩ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩና የይለፍ ቃል አውጡለት። የልደት ዓመት ወይም ስልክ ቁጥር አታድርጉት። ኢሜይል ሲጠይቃችሁም አትዝለሉት። የይለፍ ቃሉን ብትረሱ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ይህን ካደረጋችሁ ሌባ የመግቢያ ኮዳችሁን ቢያገኝ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ አይገባም። ኮዱን ግን ያም ሆኖ ለማንም አትስጡ። «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ»፣ «ፕሪሚየም ስጦታ ደርሶሃል» የሚል ሊንክ ከምታውቁት ሰው ቢመጣም አትንኩት። ብዙ ጊዜ የዚያ ሰው አካውንት ራሱ ተሰርቆ ነው። ደውላችሁ ጠይቁት።

ሲም ካርዱም በራሳችሁ ስም የወጣ ይሁን። በአጎት ወይም በጓደኛ ስም የወጣ ሲም ስልኩ የጠፋ ቀን ጣጣ ያመጣል፤ ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበበት ሰው ነው።

እህታችሁ ወይም ሠራተኛችሁ ፖስት በማድረግ የምታግዝ ከሆነ ስልካችሁን አትስጧት፤ አድሚን አድርጓት። ቴሌግራም ለአድሚን የሚሰጠውን ሥልጣን መምረጥ ያስችላል። ፖስት ማድረግና ማስተካከል ይበቃታል። ሌላ አድሚን የመጨመር ሥልጣን በእናንተ እጅ ይቅር። አንድ ቀን ቻናሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ብትፈልጉ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽኑ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም ባለቤትነት አያዛውርም። ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ አለመቆለፍ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ሥራ አስተጓጓይ ነው ማለት ነው።

አከፋፈቱ

በአንድሮይድ ስልክ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የእርሳስ ምልክት ንኩና ኒው ቻናል የሚለውን ምረጡ። ስም ስጡት። ስሙ ላይ የምትሸጡትና ከተማው ይግቡበት፤ «ሰላም ጫማ ደሴ» ዓይነት። «ምርጥ ፋሽን» ቢባል ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

ቻናሉን ፐብሊክ አድርጉት። ሊንክ ምረጡ ሲላችሁ በላቲን ፊደል፣ ከ5 ፊደል ያላነሰ፣ በስልክ ሊነገር የሚችል ስም ይሁን። ፊደል የሚደጋግም፣ ቁጥር የሚበዛበት ስም ደንበኛ ሲነግሩት ይሳሳታል።

መግለጫው ላይ አድራሻችሁን እንደ ከተማችን ሰው ጻፉ። ደሴ ውስጥ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሱቅ የሚፈልግ ሰው አላየሁም። «ሸዋ በር፣ ከእገሌ ባንክ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት» ቢባል ባጃጁም ያውቀዋል። ስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት ጨምሩ። ይህንኑ እንደ መጀመሪያ ፖስት ልቀቁትና ፒን አድርጉት፤ ቻናሉን የከፈተ ሁሉ ከላይ ያየዋል።

ፎቶው የሱቃችሁ ይሁን

ከሌላ ቻናል የተወሰደ ፎቶ ያምራል። ዕቃው ሲመጣ ግን ፎቶውን አይመስልም፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ሄደ ማለት ነው። ስልካችሁ ርካሽ ቢሆንም የራሳችሁን አንሱ።

መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቀኑን ሙሉ በእጅና በኪስ ሲታሽ የኖረ ነው፤ ብዙ «የደበዘዘ ካሜራ» በዚህ ብቻ ይድናል። ቀጥሎ ብርሃን ነው። የሱቅ አምፖል ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን ጥቁር ያስመስላል። ዕቃውን ወደ በር አምጡት። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፤ ጥላ ውስጥ ሆኖ ፊቱ ወደ ውጭ ይዙር። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም የተኛበት ጠዋት ነጋዴ ይማረርበታል፤ ለፎቶ ግን ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም። ጥላ አይጥልም፣ የጨርቁን ቀለም አያጠፋም።

ከኋላው ነጭ አንሶላ ስቀሉ። ከዚያ አራት ዓይነት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉውን፣ ስፌቱን ወይም ጥልፉን በቅርበት፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን፣ ጉድለት ካለውም ጉድለቱን። ሙጋድ አካባቢ ጨርቅ የምትሸጥ የማውቃት ልጅ የሀበሻ ቀሚስ ስታነሳ ጥለቱን በጣቷ ገልብጣ የጀርባውን ክር ታሳያለች። የእጅ ሥራ የሚያውቁ እናቶች የሚያዩት እዚያ ነው። ስለ ጥራቱ አንድ ቃል አትጽፍም፤ ፎቶው ይናገርላታል።

አንድ ፖስት እስከ 10 ፎቶ ይይዛል። እናንተ ግን ሦስት አራት ላይ አቁሙ። የደንበኛው ዳታ በብር የተገዛ ነው። ፎቶውን በፋይል መልክ አትላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

ዋጋውን ጻፉት

ዋናው ነገሬ ይሄ ነው። ዋጋ የማይጽፉ ነጋዴዎችን ስጠይቅ ሁለት ምክንያት ይነግሩኛል። አንደኛው «ተፎካካሪ ያይብኛል» ነው። ተፎካካሪ ማየት ከፈለገ እንደ ደንበኛ ደውሎ ይጠይቃችኋል። የተደበቀው ከገዢው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል» ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ፖስቱን ኤዲት አድርጎ ቁጥሩን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ዋጋው እስከ ቅዳሜ» ብሎ መጻፍም ይቻላል።

ሕጉም ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። መደርደሪያ ላይ የምትለጥፉትን ቻናል ላይ ለምን ትደብቁታላችሁ?

«ኢንቦክስ» የሚለው ቃል ገዢውን ያሸማቅቃል። ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ያሳፍረዋል። «ሰው አይቶ ነው ዋጋ የሚጠሩት» ብሎም ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ደግሞ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ለአንዷ 2,500 ለሌላዋ 3,200 የተባለ ጫማ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ሆነው የተገናኙ ቀን ሱቁን ያዘጋል።

አንድ ፖስት እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የሴት ቆዳ ቦቲ፣ ጥቁር። ቁጥር 37፣ 38 እና 40 አለ። ዋጋ 2,800 ብር፣ የተቆረጠ። ቁጥሩ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ሰፊ እግር ላላት አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይሻላል። ሱቅ መጥቶ መለካት ይቻላል።»

«ጠበብ ይላል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ሻጩ ለገዢው ማሰቡን ታሳያለች፤ ዕቃ ከመመለስም ታድናለች። ድርድር የምትፈልጉ ከሆነ «የተቆረጠ» በሚለው ፋንታ «ድርድር አለው» በሉ። የደሴ ሰው መከራከር ይወዳል፤ ግን የሚከራከረው መነሻውን ሲያውቅ ነው።

ከሥሩ ሃሽታግ (# ምልክት የቀደመው ቃል) ጨምሩ፤ በአማርኛ ፊደልም ይሠራል። «ቦቲ» የሚለውን ሃሽታግ የነካ ሰው ቻናሉ ላይ ያለውን ቦቲ ሁሉ ያያል። ዕቃው ሲያልቅ «ተሽጧል» ብላችሁ ኤዲት አድርጉት። ከኮምቦልቻ ደውሎ «አልቋል» የተባለ ሰው ሁለተኛ አይደውልም።

ሰው ማምጣት

እዚህ ላይ ረጅም ምክር የለኝም። ከፈታችሁ በኋላ ስልካችሁ ላይ ካሉት ሰዎች እስከ 200 ድረስ ራሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ቢሆንም ሳትጠይቁ አታስገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰው በሊንኩ ራሱ ይገባል። ቴሌግራም ለቻናሉ የኪውአር ኮድ ይሠራል፤ አሳትማችሁ ሱቁ መስታወት ላይና መክፈያው ጠረጴዛ ላይ ለጥፉት። የገዛ ደንበኛ በዚያው ይቀላቀላል። ቲክቶክ የምትሠሩ ከሆነ ዕቃውን በአጭር ቪዲዮ አሳዩና የቻናሉን ስም ጽሑፉ ላይ አስገቡ።

ሰብስክራይበር በብር አትግዙ። ቁጥሩ በሺዎች ሆኖ በየፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ጥቂት ሰው ካሳየች ገዢው ወዲያው ይነቃል።

ክፍያ ሲመጣ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የርቀት ሽያጭ ቀለለ። ማጭበርበሩም አብሮ መጣ።

በጣም የተለመደው ስክሪንሾት ነው። ገዢ ነኝ ባዩ «ልኬያለሁ» ብሎ የክፍያውን ገጽ ፎቶ ይልካል። የሐሰት ስክሪንሾት በስልክ በደቂቃ ይሠራል፤ ማስረጃ አይደለም። ሁለተኛው የሐሰት መልዕክት ነው። ቃል በቃል የቴሌብርን የሚመስል ኤስኤምኤስ ከግለሰብ ቁጥር ይመጣል። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከሌላ ቁጥር ከመጣ አትቀበሉት። ከ127 የመጣ ቢመስልም የመጨረሻው ማጣሪያ የራሳችሁ ሂሳብ ነው። መተግበሪያውን ክፈቱና ገቢውን ተመልከቱ። ዳታ ከሌለ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። በባንክ ከተላከም የባንኩን መተግበሪያ ከፍታችሁ የግብይት ቁጥሩን አመሳክሩ። ሱቅ ውስጥ ሰው ተሰልፎ፣ ገዢው «ቶሎ በይ፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው» እያለ ቢሆንም አትቸኩሉ። የሚያስቸኩላችሁ ሰው ላይ ይልቁንም ረጋ በሉ።

ሦስተኛው «ተሳስቼ 1,000 ብር ጨምሬ ላኩ፣ መልሺልኝ» የሚለው ነው። መጀመሪያ የተላከው መልዕክት ሐሰተኛ ስለሆነ የምትመልሱት ከራሳችሁ ኪስ ነው። እዚህም መፍትሔው ያው ነው፤ ሂሳብ ሳታዩ ብር አትመልሱ። የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ማንም ነኝ ቢል ስልኩን ዝጉት።

ገዢውም በእናንተ በኩል ይፈራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛን ሰው ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ ላክ አትበሉት። ደሴ ውስጥ ከሆነ ዕቃውን አይቶ ይክፈል። ከከተማ ውጭ ከሆነ ቀብድ ይላክ፤ ቀሪውን ሲረከብ ይክፈል። ቀብዱ የማይመለስ ከሆነም ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት።

ዕቃ መላክ

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐይቅም ሩቅ አይደለም። ዕቃ በሚኒባስ ረዳት ሲላክ ሦስት ነገር ያዙ፦ የመኪናው ታርጋ፣ የረዳቱ ስልክና የተነሳበት ሰዓት። ሦስቱንም ለገዢው ወዲያው ጻፉለት። ዕቃውን ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ መንገድ ላይ ቢጎዳ ክርክር አይኖርም። የረዳቱን ብር ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተስማሙ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህች ብር ነው።

የመመለሻ ደንብ አውጡና ፒን ባደረጋችሁት ፖስት ላይ አስገቡት። «ያልተለበሰ፣ በ3 ቀን ውስጥ፣ በሌላ ቁጥር ይቀየራል» ማለት ይበቃል። ደንቡን ካወጣችሁ በኋላ ግን ኪሳራ ቢያመጣም አክብሩት።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ደንበኛውን በቴሌግራም ብቻ የያዘ ሻጭ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉም ጋር ይለያያል። ስለዚህ ከገዛ ሰው ሁሉ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስም፣ ስልክና የሚለብሰውን ቁጥር በደብተር መዝግቡ። ወረቀት ላይ፤ ስልክ ይጠፋልና። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በኤስኤምኤስ «40 ቁጥር ቦቲ ገብቷል» ብላችሁ ለሚለብሱት ብቻ ትልካላችሁ። ቻናሉ ላይ ያለው ስልክ ቁጥርም ሁልጊዜ የሚነሳ ይሁን። ቁጥር በቀየራችሁ ቀን ፒን ያደረጋችሁትን ፖስት፣ የቻናሉን መግለጫና መስታወቱ ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት በዚያው ቀን ቀይሩ።